አረንጓዴው ሰሌዳችን

ከቢሽኬክ ባቡር ጣቢያ እስከ ኦሽ ገበያ ብትፈልጉ፣ የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር በመምረጥ እኔን የሚስተካከል ሰው አታገኙም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ የሚነዛው የሌለው ነው። እኔ ኩባት ያን ክረምት፣ ሰው ሚስት ሲያገባ እንኳ የማያጠናውን ያህል አጥንቼ፣ በዓለም ላይ ያለውን ሶፍትዌር በሙሉ፣ ቢያንስ ስሙን ማንበብ የቻልኩትን በሙሉ፣ አገላብጬ መረጥኩ። ምርጫዬም ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ቾልፖንን ሞስኮ የላካት ሶፍትዌሩ አይደለም።

ድርጅታችንን ሰው ትንሽ ነው ይለዋል። አምስት ነበርን፤ ግን አምስት ሲባል ምን ዓይነት አምስት ተብሎ መጠየቅ አለበት። ቢሯችን የድሮው የጫማ ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮታችን የአላ-ቱ ተራሮች ከነበረዷቸው ይታያሉ፤ የከሰሉ ጭስ ሲፈቅድ ማለቴ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ፈቅዶ አያውቅም። ቤጊማይ የምንሠራውን ነገር መልክና ቀለም ትሰጣለች። ኤርሜክ የሠራነውን እየነካካ ይሰብራል፤ ደመወዝ የሚበላው በመስበሩ ነው፤ እሱ ያልሰበረውን ደንበኛ አይሰብረውም። ቾልፖን ፕሮግራሙን ትጽፋለች፤ ከካስፒያን ባሕር ወዲህ እንደሷ የሚጽፍ ካለ ይምጣና ይታይ። ቶክቶጋዚ አታ ደግሞ ሰባን ያለፉ መሐንዲስ ናቸው፤ ነጭ የሱፍ ካልፓካቸውን ከራሳቸው ላይ አያወርዱም፤ ማሽንን ከማሽን ጋር ማነጋገር የሳቸው ድርሻ ነው። ሙያውን ለእኔ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ምን ዓይነት መምህር እንደሆኑ ከውጤቱ ገምቱ።

ሥራው ከካዛክስታኗ ከተማ ከአልማቲ የመጣ ነበር። የጥርስ ክሊኒኮች ናቸው፤ ከተማውን ያጥለቀለቁ። በሽተኛው ቀጠሮ ሲይዝ፣ ራጅ ሲነሳ፣ ሐኪሙ ፊት ያለው ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ነገር በቅጽበት እንዲታይ ማድረግ ነበረብን። ፕሮግራሙ የቾልፖን፤ የራጅ ማሽኖቹን ከፕሮግራሙ ጋር ማገናኘት የቶክቶጋዚ አታ። የራጅ ማሽኖቹ አንዱ የጀርመን፣ አንዱ የኮሪያ፣ አንዱ ማን እንደሠራው ሠሪውም የረሳው ዓይነት ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ጠባያቸውን የሚያውቁት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ፤ ዕውቀቱም ያለው በሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ሥራውን የተቀበልን ሰሞን ቾልፖን ደረጃው ላይ አገኘችኝ። በእጇ ከታች ከዳቦ ቤቱ የገዛችው ትኩስ ሳምሳ አለ፤ አልበላችውም።

«ኩባት ባይኬ፣» አለችኝ። ባይኬ ለታላቅ ወንድም፣ አታ ለአባት ነው፤ በኛ ዘንድ ማንም ማንንም በባዶ ስሙ አይጠራም። «ይሄ የአልማቲው ሥራ እውነት ያልቃል?»

«ያልቃል ወይ ትዪኛለሽ? ካዛኮች ስለዚህ ሥራ ገና ዘፈን ያወጡለታል።»

«ዘፈኑን ይተዉት። ካለቀ ክሊኒኮቹ ለዓመታት የኛ ናቸው። ደመወዜ አይቋረጥም፤ ባሌን ከሞስኮ ና እለዋለሁ። ካላለቀ የምሄደው እኔ ነኝ።»

«የት?»

«እሱ ጋ ነዋ። መጋዘኑ ዕቃ የሚያሽጉ ሴቶች ይፈልጋል። ቦታ ይዞልኛል፤ እስከ መጋቢቱ ኖሩዝ በዓል ይጠብቁኛል።»

«አይፔሪስ?»

«ናሪን ከተማ፣ እናቴ ጋ።»

አይፔሪ ልጇ ናት፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። እናቷ እሷን ለአያት ትታ የመሄዱን ነገር የተናገረችው ሳምሳውን እያየች እንጂ እኔን እያየች አልነበረም። ናሪን ውስጥ እናቱን በስልክ መስታወት ብቻ የሚያውቀው ሕፃን ሁሉ ይሰለፍ ቢባል ሰልፉ ቻይና ድንበር ይደርሳል። ይሄኛውን እንኳ አጋነነ እንዳትሉኝ።

እስከዚያ ድረስ ሥራችንን የምንከታተለው በስልክ ግሩፕ ነበር። አንዱ «የሁለተኛው ክሊኒክ መግቢያ ገጽ አይከፈትም» ብሎ ይጽፋል፤ ወዲያው የኤርሜክ አክስት ልጅ ወንድ ልጅ መውለዷ ይመጣል፤ ከዚያ አበባ፣ ከዚያ የግመል ሥዕል፣ ከዚያ የሁላችንም ምርቃት። ገጹ እዚያው አበባ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አንድ ቀን ታዲያ የክሊኒኮቹ ሥራ አስኪያጅ ሳልታናት ማራቶቭና ደወለች። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው፤ እንደ መርፌ።

«ኩባኒችቤክ፣» አለችኝ፣ በሙሉ ስሜ። «እኔ ሰው አላስቸኩልም። ግን ሥራችሁ የት እንደደረሰ በአንድ ገጽ ላይ፣ በፈለግሁ ሰዓት ከፍቼ ማየት እፈልጋለሁ። እሱን ካላዘጋጃችሁ ሌላ ቡድን አለ።»

«የፈለጉት ገጽ ካሁን በፊት ያልተዘጋጀው ለእርስዎ የሚመጥን ስላጣን ነው» አልኳት።

ጉባኤ ጠራሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ አምስታችን ተቀመጥን፤ ሻይ ቀረበ፤ ዳቦውን እንደ ደንቡ ቶክቶጋዚ አታ ቆረሱ፤ እሳቸው ሳይቆርሱ የሚቆርስ የለም። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ከሶቪየት መፍረስ ወዲህ እንዲህ ያለ ክርክር ቢሽኬክ ውስጥ አልተካሄደም።

ቤጊማይ ሥራው ሁሉ እንደ ምንጣፍ ጥልፍ በቀለም በቀለም የሚደረደርበትን ፈለገች። ኤርሜክ ነፃውን አለ።

«ነፃ አይብ ያለው ወጥመድ ላይ ብቻ ነው» አለችው ቤጊማይ።

«አንቺ የመረጥሽው እኮ ለሠርግ ቤት ማስጌጫ ነው የሚሆነው። ሥራውን ልንሠራ ነው ወይስ ልንድረው?»

«አንተ ዝም በል፤ ሥራህ መስበር ነው።»

ቾልፖን እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ስልኳን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠች። የሷ ምርጫ መልኩ ተራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር፣ ከመስመሩ ላይ የሠራተኛው ስምና የመጨረሻ ቀን። ቀኑ እስኪደርስ አረንጓዴ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ማንም ሳይነካው ራሱ ቀይ ይሆናል። ያለቀው ሥራ ላይ ምልክት ሲደረግበት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

«ለምን ይሄን?» አልኩ።

«እዚህ ቤት ማንም ለማንም ዘገየህ አይልም» አለች። «ይሉኝታችን ከሥራችን ይበልጣል። እኛ አፍ ከሌለን እሱ ይናገርልን። ማሽን ይሉኝታ የለውም።»

ቶክቶጋዚ አታ የሻይ ጎድጓዳቸውን አሽከረከሩ። «በኛ ጊዜ እሠራበት የነበረው ኢንስቲትዩት ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ነበር። ኃላፊው በዘገየው ሰው ስም ላይ በቀይ እርሳስ ያሰምር ነበር።»

«ማን ላይ ነበር የሚያሰምረው አታ?» አለ ኤርሜክ።

«በዕለቱ የቀረ ሰው ላይ ነዋ።»

ሳቅን። ቾልፖን አልሳቀችም። እኔም ዓለም አቀፍ ጥናቴን በሙሉ ግምት ውስጥ አስገብቼ የቾልፖንን መረጥኩ። ለሳልታናት ማራቶቭናም ገጹን ከፈትንላት። ግድግዳው ላይ ደግሞ ቴሌቪዥን አሰቀልኩ፤ ስታዲየም የሚያህል፤ የሁላችንም ሥራ ጠዋት ስንገባ ፊት ለፊት እንዲታይ።

መጀመሪያ ሰሞን ተዉኝ፣ ገነት ነበር። ሁሉ አረንጓዴ። ሳልታናት ማራቶቭና «እንዲህ ያለ ቡድን አላየሁም» ብላ ጻፈችልኝ፤ ለሚስቴ፣ ለአማቴ፣ ለበረኛውም አነበብኩላቸው።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ አንድ መስመር ቀልታለች። የራጅ ማሽኖቹ ማገናኛ፤ ቶክቶጋዚ። ቴሌቪዥኑ የገዛሁት ትልቁ ስለሆነ ስማቸው የክንድ ርዝመት ነበረው።

ሽማግሌው ገቡ፤ ካፖርታቸውን ሰቀሉ፤ ወደ ሻይ ማፍያው ሲሄዱ መሃል ላይ ቆሙ።

«ኤርሜክ፣ ይሄ የኔ ስም ነው?»

«ቴሌቪዥኑ ነው አታ፣ ቀለም ያበዛል።»

ቀለም እንደማያበዛ መሐንዲሱ ያውቃሉ። የራሱን የሞት ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቤጊማይ የልጅ ልጃቸው እኩያ ናት፤ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ ቀብራ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ላግማን አስመጣን፤ ትኩስ ሊጥና ሥጋ፤ ሽታው ድንጋይ ያስርባል። እሳቸው ዳቦውን አልቆረሱም። ዳቦ ካልተቆረሰ ማን እጁን ይሰነዝራል? ላግማኑ ፊታችን ላይ በረደ። አምስታችንም ጾማችንን ዋልን፤ በታሪክ የተመዘገበ ረሃብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መስመሯ አረንጓዴ ናት። ማንም ምንም አላለም። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ቀላች፤ ጠዋት ስንገባ አረንጓዴ። ዳቦ ይቆረሳል፤ ላግማን ይበላል። ከዚያ አንድ ቀን መስመሯ ላይ የማለቂያው ምልክት ታየ። አለቀ ማለት ነው። እኔም በልቤ ፈጣሪን አመሰገንኩ። አታን እውነት ጨረሱ ወይ ብዬ መጠየቅ? እንግዳ ሆነህ ሄደህ ሥጋው በስሏል ወይ ብለህ ሽማግሌውን ባለቤት ትጠይቃለህ? አይጠየቅም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው መስኮት ሥር መቀመጥ አበዙ። የሻይ ማፍያውን ፈተው አጸዱ። የሚንቋቋውን ማሞቂያ ቧንቧ ጠገኑ፤ ባይጠገን ይሻል ነበር፤ ይባስ ተንቋቋ። ቾልፖን በተቃራኒው ምሳ ላይ እንኳ ከጠረጴዛዋ አትነሳም። ከአልማቲ ለሙከራ የተላከችልን የራጅ ማሽን ጥግ ላይ ነበረች፤ ቾልፖን እሷ ሥር ተንበርክካ ገመድ ስታወጣ ስታስገባ አያታለሁ። የራሷን ሥራ ነው ብዬ አለፍኩ።

አንድ ጊዜ ሽማግሌው ቀና ብለው «የምትፈልጊው ነገር አለ ልጄ?» አሏት።

«የለም አታ፣ ሻይዎን ይጠጡ» አለች።

እሳቸውም ጠጡ።

ሳልታናት ማራቶቭና በበኩሏ ከአልማቲ ገጹን እየከፈተች ታያለች። አረንጓዴ። ታድያ ደስ ቢላት፣ አዲሶቹን ክሊኒኮች ከኖሩዝ በፊት እንከፍታለን ብላ ለክሊኒኮቹ ባለቤት ቃል ገባች። ከባለቤቱ ጋር በመኪና መጥተው ራጁ በዓይናቸው ፊት ሲሠራ እንደሚያዩ ጻፈችልኝ። «አልጋ በአልጋ ነው» ብዬ መለስኩ። መልእክቱን ለቾልፖን ሳነብላት ወንበሩን ያዝ አደረገች። እኔ የደስታ መስሎኝ «አሁን ለባልሽ ደውይለት» አልኳት።

መጡ። ባለቤቱ ቃል የማይወጣው ወፍራም ሰው ነው፤ ሳልታናት ማራቶቭና የቸኮሌት ሳጥን ይዛለች። ስለ ድርጅታችን ታሪክ አጭር ንግግር አደረግሁ፤ ባለቤቱ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ ስላየ ነው ያሳጠርኩት። ከዚያ ኤርሜክ ለሙከራ የምንጠቀምበትን የጀሶ መንጋጋ ማሽኗ ፊት አስቀመጠ። ቤጊማይ ቁልፉን ነካች። ሁላችንም ስታዲየም ወደሚያህለው ቴሌቪዥን ዞርን።

ነጭ። ምንም የለበትም። በረዶ የወረደበት ሜዳ ነው የሚመስለው።

«ትልቅ ሥዕል ነው፤ ትልቅ ነገር ሲመጣ ይዘገያል» አልኩ።

ቤጊማይ ደገመች። ነጭ። ማሞቂያ ቧንቧው ብቻ ይንቋቋል።

ሳልታናት ማራቶቭና ስልኳን ከፈተች። «የራጅ ማገናኛው አልቋል ይላል። በቶክቶጋዚ ስም ነው። እርስዎ ነዎት አባቴ?»

ሽማግሌው ተነሱ። ካልፓካቸውን አወረዱ፤ ራሳቸውን ባዶ ሆኖ ሳየው ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ሥራ ከእኔ ተወስዷል» አሉ። «ቀይ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን ስመጣ አልቋል ይላል። እኔ ደግሞ አልጨረስኩትም። ለወጣት ሰጥተውት፣ እንዳይከፋኝ ዝም ብለው ነው ብዬ ተውኩት።»

«ለየትኛው ወጣት?»

ባለቤቱ ኮቱን ቆለፈ። ሳልታናት ማራቶቭና ግን ቆመች፤ ድምፅዋም መርፌነቱ ጠፍቶ ነበር።

«ቀይ ቢሆን እኮ አልቆጣም ነበር» አለችኝ። «እጠብቅ ነበር። የመክፈቻውን ቀን የቆረጥኩት አረንጓዴውን አምኜ ነው። አሁን የቆረጥኩትን ቀን ማን ይቀጥልልኛል?»

ስለ ሸቀጥ ሁሉ፣ ስለ ተራራ ሁሉ፣ ስለ ራሴም የምለው አጥቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን የቸኮሌቱን ሳጥን መልሼ ወደሷ ገፋሁላት። ሄዱ። የቸኮሌቱ ሳጥን ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሥራው ለሌላ ቡድን መሰጠቱን በሳምንቱ በደብዳቤ አሳወቁን፤ ጨዋ ደብዳቤ ነበር።

የዚያን ዕለት እንግዶቹ እንደሄዱ ሽማግሌው ማፍያውን ይዘው ውሃ ሊቀዱ ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ቤጊማይ ማልቀስ ጀመረች።

«ቀኑን እኔ ነኝ ያራዘምኩት» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ። አታ ዳቦ ሳይቆርሱ ሲቀሩ…»

«እኔም አራዝሜዋለሁ» አለ ኤርሜክ። «ብቻዬን ያደረግሁት መስሎኝ ነበር።»

ሁለቱም አዩኝ። «የእኔ ማራዘም አስተዳደራዊ ውሳኔ ነበር» አልኩ። «ግን አልቋል የሚለውን ምልክት እኔ አልነካሁም።»

«እኔም።»

«እኔም።»

ቾልፖን የራጅ ማሽኗ ሥር እንደተቀመጠች ነበር፤ ገመዱ በእጇ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቀይ በሆነ ቁጥር አታ ጠዋት ሲገቡ እንዳያዩት እሮጥ ነበር። በመጨረሻ ሰለቸኝ። አለቀ ልበልላቸውና እኔ ራሴ ልጨርሰው፣ ማንም አይወቅ አልኩ።»

«ታዲያ?» አለ ኤርሜክ።

«ታዲያ ማሽኑ እሳቸውን ነው የሚሰማው። ሞከርኩ፤ አልሆነም። አንድ ነገር ብጠይቃቸው ይበቃ ነበር። ከጠየቅኳቸው ደግሞ ሥራቸውን እንደወሰድኩ ያውቃሉ።»

«ቀይ ይሁንልን ያልሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለች ቤጊማይ እንባዋን እየጠረገች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

በሩ ተከፍቶ ነበር። ቶክቶጋዚ አታ ማፍያውን እንደያዙ ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ውሃው ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሏት።

«እርስዎስ ለማን እንደተሰጠ ለምን አልጠየቁም?»

«አፈርኩ» አሉ።

«እኔም አታ።»

ማፍያውን ጣዱት። ሻዩን የጠጣ ሰው አላስታውስም።

ቾልፖን ከኖሩዝ በፊት ሄደች። እኔ ሌላ ሥራ እንደማመጣ፣ ታሽከንትም አስታናም በር እያንኳኩ እንደሆነ ነገርኳት። «እናመሰግናለን ኩባት ባይኬ» አለችኝ፣ እንደምታምነኝ ሆና፤ ጥሩ ልጅ ናት። ማናስ አየር ማረፊያ ድረስ በመኪናዬ ወሰድኳት። አይፔሪ ከአያቷ ጋር ልትሸኝ መጥታ ነበር። እናቷ ስታቅፋት አላለቀሰችም፤ ስልክ ይዛ ነበር፤ «እማዬ፣ አሁን እደውልልሽ?» አለቻት፣ እዚያው እቅፏ ውስጥ ሆና። ቾልፖን «ደውዪ» አለች። ልጅቱ ደወለች። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው በስልክ ተነጋገሩ። እኔ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ለማየት ወጣሁ።

ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው አልወረደም። ኤርሜክ ሌላ ቦታ ተቀጠረ፤ ቤጊማይ ሠርግ ቤቶችን ታስጌጣለች። ሰሌዳው ላይ የቾልፖን መስመሮች ቀናቸው እየደረሰ፣ አንድ በአንድ ቀሉ። የሚነካቸው አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቶክቶጋዚ አታ መጡ፤ ካልፓካቸውን አስተካክለው ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆሙ።

«ይሄን ቀን የሚያራዝሙት በየት በኩል ነው?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሶፍትዌሩን ነክተውት አያውቁም።

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አስቀመጡ።

«ስንት ልበለው? መቼ ነው የምትመጣው?»

ስንት ቢሉኝ ቁጥር አጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ቢሽኬክን ሙሉ ጠይቁ።

«ለመጪው ኖሩዝ ይበሉት» አልኳቸው።

ጻፉት። መስመሮቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። ሽማግሌው ዳቦ አምጥተው ነበር፤ ቆረሱ፤ ሁለታችን በላን።

ያ ኖሩዝ አለፈ። መስመሮቹ እንደገና ቀልተዋል፤ ሽማግሌውም ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል። ጠዋት ስገባ የቾልፖን ስም ፊት ለፊት አለ፣ የክንድ ርዝመት። ቁልፉን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ስንት እለዋለሁ?